ማዲያት ነው ወይስ የብጉር ምልክት? ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ቡናማ ካርታ ወጣ። ካርታ የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት፣ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ደግሞ ፂም ያበቀልኩ የሚያስመስል ጥላ። እናቴ «ማዲያት ነው፣ ይለቅሻል» አለችኝ። ጎረቤቴ ሎሚ ቀቢበት አለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ግን ስልኳን አውጥታ የአንድ ኮስሞቲክስ ሱቅ ፎቶዎች አሳየችኝ፣ «በሁለት ሳምንት ድምጥማጡን ነው የሚያጠፋው» ብላ። የማንን ምክር እንደሰማሁ መገመት አያቅታችሁም።

የሱቁን ጉድ ወደ ታች ስንደርስ እነግራችኋለሁ። አሁን ሳስበው ጥፋቴ ክሬሙን መቀባቴ ብቻ አልነበረም። ቅደም ተከተሉን ነው የገለበጥኩት። መጀመሪያ ገዛሁ፣ ከዚያ ቀባሁ፣ ምን እንደያዘኝ የጠየቅኩት ፊቴ ከተበላሸ በኋላ ነው። እናንተ በተራው ሂዱበት፤ መጀመሪያ ለዩት፣ ቀጥሎ ምክንያቱን አስቁሙ፣ ከዚያ ፀሐዩን ከልሉ፣ መቀባት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ጠይምም ሆነ ነጭ ሰው ያለው የሴሎቹ ብዛት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ሥራቸው ላይ ነው። የእኛዎቹ ትጉህ ናቸው። ቆዳ ሲቆስል ወይም ሲቆጣ፣ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ሆርሞን ሲቀሰቅሳቸው ከሚገባው በላይ ያመርታሉ፣ ትርፉም እዚያው ይቀራል። ላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ የቀረው ቡናማ ነው፣ በወራት ይለቃል። ወደ ታች የሰረገው ግን ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ አለው፣ ዓመታት ይወስዳል፣ ክሬምም እምብዛም አይደርስበትም። ስለዚህ «እሷን በሦስት ወር ለቀቃት፣ እኔን ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ ላይ ነው።

1. ምን እንደሆነ ለዩ

ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡና መስታወት ይዛችሁ መስኮት ዳር ቁሙ። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ያታልላል። የት የት እንደወጣ፣ ጠርዙ ምን እንደሚመስል እዩ። ከዚያ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከፍ ብሏል ወይስ ልሙጥ ነው?

ማዲያት ልሙጥ ነው። ሁለቱንም ጉንጭ እኩል ይይዛል፤ ግንባር፣ አፍንጫና የላይኛው ከንፈር ላይም ይወጣል። አያምም፣ አያሳክክም። በብዛት ሴቶችን ይይዛል እንጂ ወንዶችንም አይምርም። እርግዝና፣ ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ፣ ፀሐይ፣ ሙቀትና ዘር ናቸው ቀስቃሾቹ። እናታችሁ ከነበረባት እናንተም ላይ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የብጉር ምልክት ደግሞ ቀድሞ ቁስል በነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ይቀራል። ብጉር፣ የትንኝ ንክሻ፣ ዘይት ፈንጥቆ ያቃጠለው ወይም ፂም ሲላጩ የወጣ እብጠት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጠባሳ ይለዋል። ጠባሳ አይደለም። ጠባሳ ወይ ይጎደጉዳል ወይ ያብጣል፣ ይሄ ግን ልሙጥ ነው፣ የቀለም ትርፍ ብቻ ነው። ደስ የሚለው፣ አዲስ ካልተጨመረበት አብዛኛው ቀስ እያለ በራሱ ይለቃል።

እናቶቻችን ጉንጭ ላይና ዓይን ዙሪያ የምናያቸው ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ በጣት ሲነኩ ከፍ ከፍ ያሉ ነገሮች ደግሞ ሌላ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛሉ፣ ጉዳት የላቸውም። ምንም ዓይነት ክሬም አያጠፋቸውም። ካስጠሏችሁ ሐኪም በቀላሉ ያነሳቸዋል፣ ካላስጠሏችሁ ተዉአቸው። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ማርያም የሳመችው የምንለውም መልኩን እስካልቀየረ ድረስ አይነካም።

አንገት ኋላና ብብት ላይ የሚወጣው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስለስ የሚል ቆዳ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ነው። እድፍ መስሏቸው በሻካራ ነገር የሚፈትጉት አሉ፣ ልጆቻቸውን «አንገትህን አትታጠብም?» እያሉ የሚቆጡም አሉ። እድፍ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እየተጠቀመ አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፣ በተለይ ክብደት ከጨመረ። መፈተግ ያጠቁረዋል እንጂ አያነጣውም። ገንዘባችሁን ለክሬም ከምታወጡ ስኳራችሁን ተለኩበት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከንፈር፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ካላችሁና አልፎ አልፎ ቀልቶ የሚያቃጥል፣ ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ጠቁሮ የሚቀር ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ምን ክኒን ወስዳችሁ እንደነበር አስታውሱ። መድኃኒት ነው። ሰውነታችሁ አንድን መድኃኒት አልቀበልም ብሎ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይቆጣል። ባክትሪም እያልን የምንጠራው ኮትሪሞክሳዞል ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም አሉበት። ክኒኑ ካልተለየ የምትቀቡት ሁሉ ከንቱ ነው። ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፣ ሐኪም ቤት በሄዳችሁ ቁጥርም ተናገሩ።

ደረትና ጀርባ ላይ ቅርፊት ያለው፣ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ዝንጉርጉር ከሆነ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፣ የሚታከመውም በፈንገስ መድኃኒት ነው። ቅልጥም ላይ እንደ መረብ የተሳሰረ ጥቁር መስመር ካያችሁ ደግሞ ከሰል ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ እግራችሁን አስጠግታችሁ መቀመጥ ታበዛላችሁ ማለት ነው።

2. የሚያመርተውን አስቁሙ

ቧንቧው ተከፍቶ ወለል መወልወል አድካሚ ነው። መጀመሪያ ቧንቧውን።

ብጉር ከሆነ ብጉሩን አክሙ። ምልክቱን እያጠፋችሁ አዲስ ብጉር የምታፈነዱ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናችሁ። እጃችሁን ከፊታችሁ ላይ አንሱ፤ ያፈረጣችሁት ብጉር በራሱ ከከሰመው ይልቅ ጠቁሮ ይቀራል። ግንባራችሁ ላይ፣ ፀጉር መስመር ሥር ብቻ የሚወጣ ከሆነ የፀጉር ቅባታችሁን ጠርጥሩ። ቅቤ ተቀብታችሁ ሻሽ አስራችሁ የምታድሩ ከሆነማ ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባር መውረዱ አይቀርም፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ቅቤውን ተዉ አልላችሁም። ከፀጉር መስመሩ ራቅ አድርጋችሁ ተቀቡት፣ ጠዋት ግንባራችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ወንዶች ደግሞ አገጭና አንገት ላይ ፂም ከተላጫችሁ በኋላ የሚወጣው እብጠት ጸጉሩ ተጠምዝዞ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚመጣ ነው። ከሥር ድረስ አትላጩ። በማሽን ትንሽ አስቀርታችሁ ቁረጡት።

ማዲያት ላይ ስንመጣ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ሙቀት። አክስቴ በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። አክንባሎውን ባነሳች ቁጥር እንፋሎቱ ፊቷን ይመታዋል፣ እሷም ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ወደ ምጣዱ ትጎነበሳለች፣ እንዲህ እያለች በቀን መቶ ጊዜ። ፀሐይ ላይ የምትወጣ ሴት አይደለችም። ማዲያቷ ግን ከእኔ ይብሳል። ለማዲያት ጠላቱ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነው። እና ምን አደረግን? ሥራዋ ነውና መጋገር አታቆምም። አክንባሎውን ስታነሳ ፊቷን ወደ ጎን መለስ አድርጋ እንፋሎቱ እስኪወጣ ትንሽ መቆየት ለመደች፣ መስኮቱን ከፈትን፣ በየመሐሉ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች። ትንሽ ነገር ይመስላል።

የውበት ሳሎን ገብታችሁ ማዲያት ላይ ስቲም የሚለቁባችሁ ከሆነ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እምቢ በሉ።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ በራሳችሁ ውሳኔ ከመሬት ተነስታችሁ አታቁሙ። ማዲያቱ እንክብል ወይም መርፌ ከጀመራችሁ በኋላ ከመጣ ለጤና ባለሙያዋ ንገሯት፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ፣ የመዳብ የሚባለው፣ አለ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ብዙዎች ላይ ከወለዱ በኋላ በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ አትጣደፉ።

ሎሚውን እንጨርሰው። ሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቃጠሎ ያመጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጭማቂው ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር ስላለ ነው። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ቡና ላይ ጣል አድርጋችሁ ጠጡት፣ ችግር የለም፣ ግን ቅጠሉን ጨቅጭቃችሁ ቆዳ ላይ አሽታችሁ ወደ ፀሐይ እንዳትወጡ። አንዳንድ ሽቶዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ አንገታቸው ላይ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር ያለባቸው ሰዎች ምክንያቱ ሽቶው ሊሆን ይችላል። ሽቶ ልብሳችሁ ላይ ይሁን። ቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙናም ቆዳ ያስቆጣሉ እንጂ ሌላ ጥቅም የላቸውም።

3. ፀሐዩን ከልሉ

ይህን ዘላችሁ ወደ ክሬሙ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። እኔም ዘልዬ ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳን ይመስለናል፤ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ የምንሸሸውን ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ሹራብ ለብሰን «እንሙቅ» ብለን ፊታችንን እንሰጠዋለን። የሚሰማን ሙቀቱ ነው፣ ቀለም የሚያስመርተው ግን ጨረሩ ነው፣ ጨረሩ ደግሞ አይሰማንም። ደመናም ቢሆን ስስ ከሆነ አብዛኛውን ያሳልፋል። የመኪና የጎን መስታወትም ከጨረሩ አንዱን ዓይነት፣ ዩቪኤ የሚባለውን፣ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር የምትቀመጡ ፀሐይ ላይ እንደቆማችሁ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ነፃ የሆነውን መከላከያ ተጠቀሙ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ጥላውን ሂዱ። ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ ወይም ጠቆር ያለ ጃንጥላ ያዙ። ነጠላ ጥሩ ነው፣ ግን ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፣ እጃችሁ በውስጡ ከታየ ጨረሩም ያልፋል። ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ተከናነቡት።

ከዚያ ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙ ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሁለቱንም የጨረር ዓይነት፣ ዩቪኤንም ዩቪቢንም፣ የሚከላከል። 30ው ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ይከለክላል፣ 50ው ደግሞ 98 ገደማ፤ ስለዚህ ለቁጥሩ ብላችሁ እጥፍ ብር አትክፈሉ። ትልቁ ስህተት ያለው መጠኑ ላይ ነው። ጠብታ ቀብታችሁ ሠራ አልሠራም አትበሉ። ሌባ ጣትና መሐል ጣታችሁ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር አውጡ፤ ያ ለፊትና ለአንገት ነው። ከቤት ከመውጣታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት ተቀቡ። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ማዲያትን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፣ በዓይናችን የምናየው ተራ ብርሃንም ነው፣ ተራ ሰንስክሪን ደግሞ ይህን አይከለክልም። ቀለም የተቀላቀለበትን ፈልጉ፣ መለያው ላይ አይረን ኦክሳይድ የሚል ያለበትን። በዚህም በዚያም ትጠቀማላችሁ፤ ብርሃኑን ይከላከላል፣ ፊታችሁንም አመድ የተነፋበት አያስመስለውም። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ግን ከማንጫው ይልቅ ይሄን ግዙ።

4. አሁን ቀቡ፣ አንድ በአንድ

ጠዋት ለስላሳ ሳሙና፣ ማለስለሻ፣ ሰንስክሪን። ማታ መታጠብ፣ አንድ መድኃኒት፣ ማለስለሻ። በቃ። አምስት ዓይነት በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው ፊቱ ሲቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው አያውቅም፣ መቆጣቱ ራሱ ደግሞ አዲስ ጥቁር ምልክት ያመጣል። ማንኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

ፋርማሲ ስትሄዱ እነዚህን በስማቸው ጠይቁ።

አዜላይክ አሲድ፣ 15 ወይም 20 በመቶ። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ብጉሩንም ምልክቱንም ይይዛል፣ ማዲያት ላይም ይሠራል፣ ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪሟን ጠይቃ ልትጠቀመው ትችላለች። መጀመሪያ አካባቢ ይበላል ወይም ይወጋጋል፣ ከዚያ ይለመዳል።

አዳፓሊን 0.1 በመቶ፣ ብጉር ላለባቸው። ማታ ብቻ፣ ለፊት ሁሉ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሩ፣ ፊታችሁ ሲችለው ጨምሩ። ትሬቲኖይን የሚባለው ጠንከር ያለ ወንድሙ ነው፣ እሱን በሐኪም ትእዛዝ። ሁለቱንም ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትንካ።

ኒያሲናማይድ ከ4 እስከ 5 በመቶ ለስላሳ ነው፣ ቆዳቸው በቀላሉ ለሚቆጣ ጥሩ መነሻ። ቫይታሚን ሲ ጠዋት ከሰንስክሪን ሥር ይቀባል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቀልቶ ሻይ ከመሰለ ግን ተበላሽቷል።

ሃይድሮኪኖን ላይ ቆም እንበል። ሲሠራ በጣም ይሠራል፣ ሐኪሞች ለማዲያት የሚያዝዙት ዋናው መድኃኒትም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 በመቶው። ነገር ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ከ3 እስከ 6 ወር ተቀብቶ ይታረፋል። ሰው ያማረለት መስሎት ለዓመታት ሲቀባው፣ በተለይ በጠንካራ መጠንና ያለ ፀሐይ መከላከያ፣ ቆዳው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ይይዝና ጉንጭ አጥንት ላይ ኑግ የተበተነ የሚያስመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይወጣሉ። ይህ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘገበ፣ አገሪቱም በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከማስዋቢያ ምርቶች ውስጥ ከለከለች። ያ ጥቁረት ደግሞ መመለሻው እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ሃይድሮኪኖን የሐኪም ነው፣ የጓደኛ አይደለም።

5. የእኔ ብልቃጥ

ወደ ሱቁ ጉድ እንምለስ። ክሬሙ የመጣልኝ ክዳኑ ሮዝ በሆነ ትንሽ ብልቃጥ ነው። መለያ የለውም። ስም የለውም፣ የተመረተበት ቀን የለውም። ሻጯን «ምን ምን አለበት?» አልኳት። «ከዱባይ የመጣ ነው፣ እኛ ነን የምንቀላቅለው» አለችኝ። መልሱ ራሱ ሊያስሮጠኝ ይገባ ነበር።

በአሥር ቀን ፊቴ አበራ። ውሸት አልነገሩኝም። ማዲያቱ ደበዘዘ፣ ብጉር እንኳን ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ እያለ ሲጠይቀኝ እኔም ሱቁን አሳየሁ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በሦስተኛው ወር ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች መታየት ጀመሩ። አገጬ ላይ ጠጉር በዛ። አንድ ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ፊቴ ይነድዳል፣ ይቀላል፣ ጥቃቅን ብጉር ይወጣዋል፣ ስቀባው ይበርዳል። ያኔ ነው ሱሰኛ መሆኔን ያወቅኩት። የቆዳ ሐኪሟ ብልቃጡን አይታ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀችኝና «ስቴሮይድ ነው» አለችኝ፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት። ክሎቤታሶል የሚባለው በጣም ኃይለኛ ዓይነት እንዲህ ዓይነት ቅልቅል ውስጥ በብዛት ይገባል፤ ለሌላ በሽታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለፊት ማንጫ ግን ቆዳውን እያሳሳ የሚበላ ነው። ፊቴ እስኪረጋጋ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ማዲያቱ? ተመልሶ መጣ፣ ጠቁሮ።

እንዲህ ዓይነት ክሬም ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ብዙ ወር ከሆናችሁ ወይም ሰውነታችሁን ሁሉ የምትቀቡ ከሆነ፣ ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ ድንገት አትጣሉት። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ቀስ በቀስ የምትቀንሱበትን መንገድ ያዙ።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ቀለም መሥራቱን ያስቆማል፣ ግን በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሕፃንም በፎጣና በትራስ ይደርሰዋል። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በማስዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። መለያው ላይ ካሎሜል ወይም መርኩሪክ የሚል ካያችሁ ጣሉት። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበትም እንዲሁ፤ ወርቅ የሚያበላሽ ነገር ለፊት አይሆንም።

የግሉታታዮን መርፌም አለ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚሰጥ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለማንጫ ያጸደቀው እንዲህ ዓይነት መርፌ የለም። ሌዘር ደግሞ ጠይም ቆዳ ላይ አያያዙን በማያውቅ ሰው እጅ ከሆነ ራሱ ያጠቁራል፤ ማዲያት ላይ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

6. ጠብቁ፣ በፎቶ

ላይኛው ቆዳ ራሱን ለመቀየር አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት «አልሠራልኝም» ማለት አይቻልም። ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት። በየቀኑ መስታወት ላይ የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውም፤ በየወሩ መጀመሪያ፣ ያው መስኮት ዳር፣ ያው ሰዓት ላይ፣ ያለ ፊልተር አንድ ፎቶ አንሱ። የብጉር ምልክት እየደበዘዘ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ማዲያት ግን ጠባዩ ሌላ ነው፣ ይደበዝዛል፣ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ሞልቶ ፀሐይ ላይ ከዋላችሁ ይመለሳል። እንደ ደም ግፊት ተይዞ የሚኖር ነገር ነው። ይህን አውቆ መጀመር ከብዙ ንዴት ያድናል።

7. ሐኪም ጋ

ሦስት ወር በትክክል ሠርታችሁ ምንም ካልተለወጠ ሂዱ። አዲስ አበባ ለምትኖሩ አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ሐኪም እጅ ላይ ሌላ አማራጭም አለ፤ ለምሳሌ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን ለጠና ማዲያት ይታዘዛል፣ ነገር ግን ደም የመርጋት ታሪክ ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ በራስ አይገዛም።

ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸውም አሉ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ድድ፣ የመዳፍ መስመርና ሰውነት ሁሉ እየጠቆረ ድካምና ክብደት መቀነስ ካለ የውስጥ በሽታ ሊሆን ይችላል። መዳፍ፣ ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር የወጣ፣ የሚሰፋ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም የሚደማ ጥቁር ነገር ደግሞ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል «ጫማ መትቶኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በ2005 እ.ኤ.አ. መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱን ያከበርንለት ቦብ ማርሌይ የሞተው በዚህ ነው፤ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በ1977 ተገኘበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ስትሄዱ ፊታችሁን ሳትኳኳሉ ሂዱ። ፎቶዎቻችሁን ያዙ፣ የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ጻፉ፣ የቀባችሁትን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጡ። መለያ የሌላትን ብልቃጥም ጭምር። እኔ ያን ቀን አፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄያት ነበር፣ ሐኪሟ ሁለቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው ያወጣኋት።